ለዘንዶና ለኤሊ የወጡ ሁለት ሕጎች፦ አንዱ ዘገየ፣ አንዱ ደረሰ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር አላወራም። ትንሽ ራቅ ብለን አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ወደሚባለው ክፍለ ግዛት እንሂድና አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ከብት ያለውን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

አሜሪካ ውስጥ እባብ፣ ኤሊና እንሽላሊት ቤታቸው የሚያረቡ ብዙ ሰዎች አሉ። ለእኛ ይገርማል እንጂ እዚያ ትልቅ ንግድ ነው። አንዱ ደስ ስለሚለው ብቻ ያረባል፣ ሌላው የተፈለፈለውን ሸጦ ቤተሰቡን ያስተዳድርበታል። በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ከእስያ የመጣው የበርማ ዘንዶ ነበር። ሲገዙት ትንሽና ለማዳ ነው። ሲያድግ ግን ከ5 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ቀለቡም አብሮ ያድጋል። ታዲያ ያቃተው ሰው ምን አደረገ? አውጥቶ ለቀቀው።

ፍሎሪዳ ሞቃት ነው፤ ኤቨርግሌድስ የሚባል እጅግ ሰፊ ረግረግ አለው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1992 ደግሞ አንድሩ የተባለ ከባድ አውሎ ነፋስ ብዙ ቤት ሲያፈርስ የዘንዶ ማርቢያም አብሮ ፈረሰ፣ ዘንዶዎችም አመለጡ። ጥፋቱ ሁሉ የነፋሱ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ከዚያ በፊትም ረግረጉ ውስጥ ዘንዶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ባለሙያዎቹ ዘንዶው እዚያው እየተራባ መሆኑን አመኑ። አንዷ እናት በአንድ ጊዜ እስከ 100 እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

ውጤቱስ? በ2012 የወጣ ጥናት ማታ ማታ በመንገድ ዳር የሚታዩትን አውሬዎች ከቀድሞው ጋር አነጻጸረ። ራኩን የሚባለው ትንሽ አውሬ 99 በመቶ፣ ቦብካት የሚባለው የዱር ድመት ደግሞ ከ87 በመቶ በላይ ቀንሰው ተገኙ።

በዚያው ዓመት ጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የበርማ ዘንዶን ጨምሮ 4 ዓይነት ትላልቅ እባቦችን "ጎጂ" ብሎ መዘገበ። ከውጭ ማስገባትም ሆነ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ማጓጓዝ ተከለከለ። ከአራቱ ሁለቱ የአፍሪካ ዘንዶዎች ናቸው። በ2015 ሌሎች 4 ተጨመሩ።

አርቢዎቹ ተቆጡ። እስቲ እነሱንም እንስማቸው፣ የሚሉት ከንቱ አይደለም። "ሰሜን ያለው ክፍለ ግዛት በረዶ ይጥላል፣ ዘንዶ ቢያመልጥ እንኳ ብርዱ ይገድለዋል፤ በፍሎሪዳ ጥፋት እኛ ለምን እንቀጣለን?" አሉ። በእርግጥም ጥር 2010 ፍሎሪዳን ብርድ ሲመታት፣ ተመራማሪዎች በሬዲዮ ይከታተሏቸው ከነበሩ 10 ዘንዶዎች 9ኙ ሞተዋል። ደግሞም በሥርዓት የሚያረባው ሰው ገበያው በአንድ ቀን ተዘጋ። ቤት ቀይሮ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት የሚሄድም እባቡን ይዞ መሄድ አይችልም ነበር። ባለሙያዎቹ ግን "ብርዱን ተቋቁመው የተረፉት እየተራቡ ነው። ማስረጃው እስኪሟላ ከጠበቅን አውሬው ያመልጣል" ብለው መለሱ።

የአርቢዎቹ ማኅበር በ2013 ፍርድ ቤት ሄደ። ሚያዝያ 2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት "ይህ ሕግ በ49ኙ የዋናው ምድር ክፍላተ ግዛት መካከል ማጓጓዝን አይከለክልም" ብሎ ፈረደላቸው። ከውጭ ማስገባቱ ግን እንደተከለከለ ቀረ።

እነዚህ ሁሉ ሲከራከሩ ዘንዶው ረግረጉ ውስጥ ነው። በ2013 የአደን ውድድር ተደርጎ ወደ 1,600 ሰው ተመዘገበ፤ የተያዘው 68 ብቻ ነበር! ሣር ውስጥ ሲተኛ አጠገቡ ቆመህም አታየውም። ከ2000 ወዲህ ከ20 ሺህ በላይ ዘንዶ ተይዟል፣ ዛሬም አላለቀም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሕግ እንምጣ፣ የእኛ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። እዚያው ፍሎሪዳ፣ እዚያው የተሳቢ እንስሳት ንግድ ውስጥ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአፍሪካ በገቡ ኤሊዎች ላይ የአፍሪካ መዥገር ተገኘ። ከዛምቢያ በመጡ ኤሊዎች ላይ የነበረው መዥገር ሲመረመር የሃርትዎተር በሽታ ተሸክሟል። ይህ በሽታ እኛም አገር አለ። ከብት፣ በግና ፍየል በኃይለኛ ትኩሳት ይመታል፣ ያዞራል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ዙሪያ ውሃ ይቋጥራል፣ ይገድላል። የአሜሪካ ከብት በሽታውን አያውቀውም፣ ቢገባ ይፈጀዋል።

የግብርና መሥሪያ ቤቱ ጊዜ አላጠፋም። መጋቢት 2000 ሦስት ዓይነት የአፍሪካ ኤሊዎች እንዳይገቡና ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት እንዳይዘዋወሩ አገደ። ቆይቶም ለአርቢዎቹ መውጫ ሰጠ፦ የእንስሳት ሐኪም አይቶ "መዥገር የለበትም" ብሎ ከፈረመ ኤሊው መንቀሳቀስ ይችላል። ሃርትዎተር እስከ ዛሬ የአሜሪካን ዋና ምድር አልያዘም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉት አባቶቻችን ለዚህ ነው።

ሁለቱን ምን ለያቸው? እኔ እንደሚመስለኝ ራኩን ባለቤት የለውም፣ የሚጮህለትም አልነበረም። ላም ግን ባለቤት አላት። ሌላው ጊዜው ነው። የመጀመሪያው ሕግ አርቢውንም አስከፋ፣ ዘንዶውንም አልመለሰም። ሁለተኛው ገና መዥገሩ ላይ እያለ ስለያዘው ለአርቢውም ቀለለ።

እኛም ብንሆን እናውቀዋለን። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረው አበባው አምሮ ነው፤ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም ታየ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሕዝብ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እንደነቀለ ታስታውሳላችሁ። አፋርን የወረረው ፕሮሶፒስም የመጣው ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ነበር። ክፉ አስቦ ያመጣው የለም።

ስለዚህ ወገኖቼ፦
1. አዲስ ዘር፣ ችግኝ ወይም እንስሳ "ከውጭ የመጣ ነው" ብሎ የሚያቀርብላችሁ ሰው ሲመጣ፣ ከመቀበላችሁ በፊት ቀበሌያችሁ ያለውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።
2. ከገበያ የገዛችሁትን ከብት፣ በግና ፍየል መዥገሩን አይታችሁ፣ ቢያንስ 3 ሳምንት ለብቻው አቆዩት። ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ካያችሁ ሳታድሩ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።
3. ማሳችሁ ላይ የማታውቁት አረም ካያችሁ ሳያብብ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።

በእናንተ አካባቢ "ይጠቅማል" ተብሎ መጥቶ የጎዳ ነገር አለ? ከሥር ጻፉልኝ። ስልክ ለሌለው ጎረቤትም አንብቡለት። መልካም የሥራ ሳምንት!