ከጣራችን በላይ ያለው ፀሐይ



ከፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ሥራ ጨርሳችሁ ወደ ናታንያ መሐል ስትመለሱ፣ በመኖሪያ ቤቶች ጣራ ላይ ነጫጭ በርሜሎችና በአጠገባቸው ያዘነበሉ ጥቁር መስታወቶች ሳታዩ አትቀሩም። ዱድ ሼሜሽ ይባላሉ፤ በፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ማለት ነው። ከመርካዝ ክሊታ አዲስ የወጡ ቤተሰቦች ግን ይህን ሳያውቁ የዱዱን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ቀንና ሌሊት ከፍተው ይተዉና የመብራት ሂሳቡ ሲመጣ ይደነግጣሉ። ስለዚህ ታሪኩን ማወቁ ለኪስም ይጠቅማል።

ነገሩ የተጀመረው በችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አገሪቱ ገና አዲስ ነበረች፤ ዓሊያው እንደ ጎርፍ ይገባል፣ ነዳጅ ደግሞ የለም። መንግሥት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ውሃ ማሞቅን እስከ መከልከል ደረሰ። ሌዊ ይሳር የተባለ መሐንዲስ በ1953 የፀሐይ ማሞቂያ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። ቀጥሎም ሐሪ ጽቪ ታቦር የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የፀሐይን ብርሃን የሚውጥና ሙቀቱን በቀላሉ የማይለቅ ጥቁር ቅብ ሠራ። ሆኖም እስከ 1967 ድረስ ዕቃውን ያስገባው ከ20 ቤተሰብ አንዱ ያህል ብቻ ነበር። ከ1973ቱ ጦርነት በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ ነገሩ ተለወጠ፤ በ1980 ከረጃጅም ሕንፃዎች በስተቀር አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ ዱድ ሼሜሽ እንዲኖረው ታዘዘ። በእኔ አስተያየት የትእዛዙ ብልሃት ለድሃውም ለሀብታሙም እኩል መድረሱ ነው።

ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱ ግን ዘገየ። መንግሥት በጣራው ላይ መብራት ለሚያመነጭ ሰው መክፈል የጀመረው በ2008 ነው። በትልቁ የተጀመረው ደግሞ በደቡብ፣ በአራቫ በረሃ፣ በኪቡጽ ቅቱራ ነው። ለዚሁ ሥራ በ2006 የተቋቋመው ኩባንያ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሲለምን 5 ዓመት ፈጅቶ፣ 4.95 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ በሰኔ 2011 ተመረቀ። (ቢሮክራሲው ያሰለቻችሁ እናንተ ብቻ አይደላችሁም!) አንድ ትንሽ ኪቡጽ ብቻውን ሩቅ አይሄድም ነበር። የሔቬል ኤሎት የክልል ምክር ቤትና የኤላት ከተማ ግን ተባብረው ጉዳዩን የአካባቢው ሁሉ ጉዳይ አደረጉት። ዛሬ ፀሐይ በጠራበት ቀን የአካባቢው የቀን ፍጆታ ከዚያው ከፀሐዩ ይሸፈናል።

እኛ ዘንድ በረሃ የለም፤ መሬትም ውድ ነው። በፖሌግ ያለው የፋብሪካና የመጋዘን ጠፍጣፋ ጣራ ነው። እናንተም ቤት ገዝታችሁ ከሆነ፣ የምትኖሩበት ሕንፃ ጣራ አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤቶች ሁሉ የጋራ ንብረት ነው። የቫአድ ባይት ስብሰባ ሲጠራ ቋንቋው አይገባኝም ብላችሁ አትቅሩ፤ ዕብራይስጥ የሚችል ልጃችሁን ይዛችሁ ግቡ። ጣራውን ለፀሐይ ኤሌክትሪክ እንከራይ የሚል ኩባንያ ከመጣ ውሉ ለስንት ዓመት እንደሆነና ገንዘቡ ለማን እንደሚገባ ጠይቁ። ሳይተረጎምላችሁም አትፈርሙ።

እስከዚያው ግን ከግንቦት እስከ መስከረም የዱዱን ማብሪያ ዝጉት። በክረምት ደመና ሲበዛ ከመታጠባችሁ በፊት ለአጭር ጊዜ መክፈቱ ይበቃል።