አርካና፦ «ስውሮች» ብንላቸውስ?

«አርካና» ከላቲን የመጣ ቃል ሲሆን የተሰወሩ፣ የተዘጉ ነገሮች ማለት ነው። ዛሬ ቃሉ በብዛት የሚነሣው ለጥንቆላ ከሚውለው የታሮት ካርታ ጋር ነው። ከ78ቱ ካርታዎች 22ቱ «ሜጀር አርካና» ይባላሉ፤ ሞኙ፣ ባሕታዊው፣ ሰረገላው፣ ሞትና ግንቡ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የቀሩት 56ቱ «ማይነር አርካና» በጽዋ፣ በሰይፍ፣ በሳንቲምና በበትር ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ክፍል ከአንድ እስከ ዐሥር ከተቆጠረ በኋላ ጋሻ ጃግሬ፣ ፈረሰኛ፣ ንግሥትና ንጉሥ ይከተላሉ።

በአማርኛ «ምሥጢራት» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ቃሉ ጥምቀትንና ቁርባንን የያዘ የቤተ ክርስቲያን ቃል ስለሆነ ለካርታ መስጠቱ አይመችም። «ስውራን»ም ቢሆን ከሰው ዐይን የተሰወሩ ቅዱሳን መጠሪያ ነው። እኔ «ታላላቅ ስውሮች» እና «ታናናሽ ስውሮች» እላቸዋለሁ፤ የተሻለ ያገኘ ይተካው።

ስያሜው ይበልጥ የሚጠቅመው ምናባዊ ዓለም ለሚፈጥር ደራሲ ነው። ብዙዎች 22ቱን ወስደው በየካርታው ላይ አንድ አንድ ገጸ ባሕርያቸውን ይሥላሉ። የሚያገኙት የሠርግ አልበም ነው፤ መልክ አለው፣ ትርጉም የለውም። ከደራሲው ዓለም ጋር መላመድ ያለበት የካርታው ሥራ ነው፦ የዚያ ዓለም ሰው ምን ይፈራል? ምን ይመኛል? ሳይታሰብ የሚመጣበትስ ምንድን ነው?

ካርታዎቹ ራሳቸው ያደጉት በዚህ መንገድ ነው። የመጫወቻ ካርታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ የገባው ከእስላሙ ዓለም ነው። ግብፅን ይገዙ በነበሩት በማምሉኮች ካርታ ላይ ከጽዋ፣ ከሰይፍና ከሳንቲም ጋር፣ በፈረስ ላይ የሚጫወቱት የፖሎ ዱላ ነበር። ፖሎን የማያውቁት አውሮፓውያን ዱላውን በትር አደረጉት። በ1725 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሮማው ጳጳስ ግዛት ሥር በነበረችው ቦሎኛ ካርታው ባለሥልጣናቱን አስቆጣ፤ ጳጳሱ፣ ሴቷ ጳጳስ፣ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ወጥተው በአራት ሙሮች (የሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች) ተተኩ። ሥዕሉ ተለወጠ፣ ጨዋታው ቀጠለ።

ከዘመኑ ሥራዎች «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ያለው «ታሮካ» ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል። ስትራድ የተባለ ደም መጣጭ የሚገዛት፣ በጭጋግ የተከበበች ባሮቪያ የምትባል አገር አለች። የዚያ አገር ካርታ፣ ታሮካ፣ 54 ብቻ ነው፤ ታላላቆቹ 14 ናቸው። 22ን የሚያህል የታወቀ ቁጥር መተው ድፍረት ይጠይቃል። ከአራቱ ክፍሎች ሰይፍና ሳንቲም እንዳሉ ሲቀሩ ጽዋና በትር ወጥተው ኮከብና ቅዱስ ምልክት ገብተዋል፤ ኮከቡ የአስማተኞች፣ ምልክቱ የካህናት ነው። ጭጋጉም ራሱን የቻለ ካርታ አለው፤ ማምለጫ የሌለውን ያልታሰበ ነገር ያመለክታል። ሞት ደግሞ «ፈረሰኛው» ሆኗል።

እኔን የገረመኝ ግን ቁራው ነው። «የቁራ መልእክተኛ» ብሎ ላደገ ሰው ቁራ የቀረ መልእክት ነው። በታሮካ ቁራው የተሰወረ የመረጃ ምንጭና መልካም አጋጣሚ ነው፤ ምክንያቱም በባሮቪያ ሰውም ቁራም መሆን የሚችሉ፣ ስትራድን በድብቅ የሚታገሉ ሰዎች አሉ። ካርታው ከአገሩ ታሪክ በቅሏል፤ ወደ ሌላ አገር ቢወሰድ ትርጉሙን ያጣል።

ሮጀር ዜላዝኒ በ1970 እ.ኤ.አ. በጀመረው የአምበር ተከታታይ ልቦለድ ሌላ መንገድ ሄዷል። በእሱ ታላላቅ ካርታዎች ላይ ያሉት የአምበር ንጉሥ ቤተሰብ ሥዕሎች ናቸው፤ ካርታውን ትኩር ብሎ የሚያይ ከተሣለው ዘመድ ጋር ይነጋገራል፣ አልፎም ወዳለበት ይሻገራል። አልበም ነው ቢባል እንኳ ሥራ ያለው አልበም ነው።

አንድ ነገር ብዙ ደራሲዎች ይዘሉታል። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣሊያን ሲጀመር መጫወቻ ነበር፤ ከጥንታዊት ግብፅ የመጣ ጥበብ ነው የሚለው ወሬ የተነዛው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ኩር ደ ዤብላን በ1781 እ.ኤ.አ. ከጻፈ ወዲህ ነው። ስለዚህ በምናባዊው ዓለም ካርታውን ለጠንቋይዋ ብቻ ባንሰጣትስ? ወታደሮች በመጠጥ ቤት ደመወዛቸውን ይቆማመሩበት፤ በ«ሞት» ካርታ የጓደኛውን ገንዘብ የጠራረገው ሰውዬም፣ ያቺው ካርታ በጠንቋይዋ ጠረጴዛ ላይ ስትወጣበት ምን እንደሚሰማው ደራሲው ይጻፈው።