ምጽዋ፤ የመጽሐፍና የደብዳቤ በር

በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የምጽዋ ስም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ዝሆን ጥርስ፣ ስለ ባሪያ ንግድና ስለ ጉምሩክ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ደሴቲቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሌላም ሥራ ነበራት፤ ይኸውም ለደጋው አገር መጽሐፍ የሚገባባትና የሚወጣባት፣ ደብዳቤም የሚላክባትና የሚጠበቅባት ቦታ መሆንዋ ነው። መጽሐፍ የሚያከፋፍለውና ደብዳቤ የሚያቀብለው በአንድ ደጃፍ የተቀመጡባት ያህል ነበረች። ሁለቱን ሥራ ለያይቶ የሚመለከት ሰው፣ የአንድ ደብዳቤ መልስ መዘግየት እስከ ጦርነት እንዴት እንዳደረሰ፣ ደግሞም በባርነት ወደ ወደቡ የወረደ ልጅ እንዴት የመጽሐፍ ባለቤት ሆኖ እንደ ወጣ በሚገባ ሊረዳው አይችልም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቦታው ጠባይ

በግዕዝ መጻሕፍት ባጽዕ ተብላ የምትጠራው ምጽዋ፣ ዛሬ በኤርትራ የምትገኝ፣ በእግር ተዙራ የምታልቅ ትንሽ ደሴት ናት። ቤቶችዋ ከባሕር በሚወጣ ነጭ ድንጋይ የተሠሩ ነበሩ። ሙቀትዋ ብርቱ ነው፤ ምንጭም የላትም። የሚጠጣው ውሃ ይመጣላት የነበረው በየብስ ካሉት ከእምኩሉና ከሕርጊጎ ጉድጓዶች ነው። ስለዚህ ደሴቲቱን የያዘ ሁሉ የየብሱን ሰው መለማመጥ ነበረበት፤ የየብሱም ሰው ወደ ባሕር ለመድረስ የደሴቲቱን ባለሥልጣን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት።

ቱርኮች ደሴቲቱን በ1557 ከያዙ በኋላ፣ ውሎ አድሮ የዕለት ተዕለቱ ሥልጣን ሕርጊጎ በተቀመጡት ናይቦች እጅ ወደቀ። ከባሕር የመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ነጋዴም ቢሆን፣ መልእክተኛም ቢሆን፣ ከእስክንድርያ የተላከ ጳጳስም ቢሆን፣ ናይቡን ሳያስፈቅድና ቀረጥ ወይም መታያ ሳይሰጥ ወደ ደጋ ሊወጣ አይችልም ነበር። በ1866 ደሴቲቱ ወደ ግብፅ አስተዳደር ተላለፈች። ግብፆችም ደሴቲቱን ከጥዋለትና ከየብስ ጋር የሚያገናኝ መንገድ በባሕሩ ላይ አስደለደሉ፤ በ1869ም የፖስታ ቤት ከፈቱ። በ1885 ደግሞ ጣልያኖች ያዝዋት። የበሩ ጠባቂ በየጊዜው ተለዋወጠ፤ በሩ ግን ያው በር ነበር።

መልእክተኛና ደብዳቤ

የፖስታ ቤት ከመከፈቱ በፊት ደብዳቤ የሚሄደው በሰው እግር ነበር። በደጋው አገር መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ለሚያየው ሁሉ ገልጦ ይዞ ይጓዝ ነበር። ይህም ላብ እንዳያበላሸው ብቻ ሳይሆን፣ ሰውዬው የተላከ መሆኑን በሩቅ ለማስታወቅ ጭምር ነው። የመኳንንትና የነገሥታት ደብዳቤ ማኅተሙ ከራስጌው ይታተማል፤ ቃሉም ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ዋናው ጉዳይ በመልእክተኛው አፍ ይነገር ነበርና፣ ደብዳቤው የሰውዬውን ታማኝነት የሚመሰክር እንደ ዋስ ወረቀት ያገለግል ነበር። ስለዚህ መልእክተኛው በመንገድ ቢታመም ወይም ቢያዝ፣ ወረቀቱ ቢደርስ እንኳ ጉዳዩ ግማሹ ጠፋ ማለት ነበር።

ምጽዋ ላይ ግን ይህ ሥርዓት ከሌላ ሥርዓት ጋር ይጋጠማል። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤውን የሚወስደው መርከብ ነው፤ መርከብም የራሱን ቀን ይጠብቃል። በመካከሉ ደብዳቤውን ተቀብሎ የሚያቆይና የሚያሳልፍ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ነጋዴዎችና፣ ከ1840ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ መንግሥታት ቆንስሎች ነበሩ። እንግሊዞች በ1848 ዋልተር ፕላውደንን የምጽዋ ቆንስል አድርገው ሾሙት። የቆንስሉ ቤት የመንግሥት መልእክት ማረፊያ፣ የመንገደኛ ማደሪያ፣ የዕቃ ማስቀመጫም ነበር።

የሚገባውና የሚወጣው መጽሐፍ

በዚሁ መንገድ መጽሐፍም ይጓዝ ነበር። አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ላይ ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መልሶ ነበር። የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ትርጉሙን በ1820 ገዝቶ በ1824 አራቱን ወንጌሎች፣ በ1829 ሐዲስ ኪዳንን አሳተመ። ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለር በ1829 መጨረሻ ምጽዋ ሲደርሱ በሣጥኖቻቸው ውስጥ የታተሙ ወንጌሎች ነበሩ። በግዕዝ ፊደል የታተመ መጽሐፍ በሣጥን ተሞልቶ ወደ ደጋ ሲወጣ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

መጽሐፍ ማለት ብራና መሆኑን ለሚያውቅ የደጋ ካህን ይህ እንግዳ ነገር ነበር። የብራና መጽሐፍ ፍየልና በግ ይታረድለታል፤ ቆዳው ይፋቃል፤ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ይበጠበጣል፤ ጸሐፊው ወራት ይቀመጥበታል፤ ያስጻፈው ሰው ስምም በውስጡ ይታሰባል። ይህኛው ግን ወረቀት ነው፤ ጸሐፊው አይታወቅም፤ ሺህ ቢሆን ሁሉም አንድ መልክ አለው። ከዚህም በላይ ቋንቋው አማርኛ ነው። ቅዱሱን ቃል በግዕዝ ማንበብ ለለመደ ሊቅ፣ አገልጋይና ነጋዴ በሚነጋገርበት ቋንቋ ማንበብ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚህ ምክንያት መጽሐፉን በደስታ የተቀበሉ እንደ ነበሩ፣ በጥርጣሬ ያዩትም ነበሩ።

የታተመው ወረቀት ሲገባ፣ የተጻፈው ብራና ደግሞ በዚያው በር ይወጣ ነበር። በ1838 በምጽዋ የገባው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ አሥር ዓመት ያህል በአገሩ ተቀምጦ ከ230 በላይ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ፤ ዛሬ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ስለዚህ የምጽዋ የመጽሐፍ ንግድ ሁለት ፊት ነበረው። ወደ ውስጥ የሚገባው ብዙና ርካሽ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ጥቂትና የማይተካ ነበር።

መልስ ያልመጣለት ደብዳቤ

በ1862 መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ግን የደብዳቤው አንዱ ጉዳይ ይኸው በር መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኞች ለመላክ እንዳሰቡ ገልጠው፣ የባሕሩን ዳር ቱርኮች ስለ ያዙት በደኅና የሚያልፉበት መንገድ እንዲበጅላቸው ጠየቁ። ደብዳቤው ወደ ባሕር ወርዶ በ1863 መጀመሪያ ለንደን ደረሰ፤ እዚያም በመዝገብ ቤት ተቀመጠ። መልስ ሲጠፋ ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንደ ንቀት ቈጠሩት፤ በ1864 መጀመሪያም ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩት።

ከዚያ በኋላ የተጻፈውን መልስ ሆርሙዝድ ራሳም ይዞ በሐምሌ ወር 1864 ምጽዋ ደረሰ። የንግሥቲቱ ደብዳቤ በእጁ ነው፤ ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ ሳይፈቅዱ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። መልእክተኛ ደጋግሞ ላከ፤ በዚያ ሙቀትም ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ የመጣለት ቃል በመተማ በኩል ዞሮ እንዲመጣ የሚያዝዝ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱን ያገኘው በጥር ወር 1866 ነው፤ ቆይቶም እርሱ ራሱ ታሰረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ይታወቃል። የእንግሊዝ ጦር ከምጽዋ በስተ ደቡብ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ወርዶ እስከ መቅደላ ዘለቀ፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1868 አምባው ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ። ለጦርነቱ ምክንያት የሆነው ይህ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን በአንድ ወደብና በአንድ መዝገብ ቤት መካከል የቀረው ወረቀት የነገሩን መልክ እንደ ለወጠው ግልጥ ነው። በመቅደላ ንጉሠ ነገሥቱ ሰብስበዋቸው ከነበሩት መጻሕፍት 350 ያህሉ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ወረዱ፤ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየምም ገቡ። ለአንዲት ደብዳቤ ጠባብ የነበረው መንገድ ለ350 መጻሕፍት ሰፊ ሆነ።

ማተሚያና ነጻ የወጡ ልጆች

የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ለንደን ተቀምጦ በነበረበት በዚያው በ1863 ዓመት፣ ሎሬንዞ ቢያንኬሪ የተባለ የላዛሪስት ምስዮናዊ ወደ ምጽዋ የማተሚያ መኪና አመጣ። በዚህ አካባቢ የመጀመሪያው የማተሚያ መኪና ይህ ነው። ባለቤቱ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሞተ፤ ሥራውም ቆመ። ኋላ ሥር የሰደደው በ1866 ምጽዋ የደረሱት የስዊድን ምስዮናውያን በ1885 እምኩሉ ላይ የተከሉት ማተሚያ ነው። ከዚህ በፊት እምኩሉ ለደሴቲቱ የምትሰጠው ውሃ ነበር፤ አሁን መጽሐፍም ትሰጥ ጀመር።

እምኩሉን ግን ከሌላው የምስዮን ጣቢያ የሚለያት የማተሚያው መኪና አይደለም፤ በዙሪያው የተሰበሰቡት ሰዎች ናቸው። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር የተወለደ አንድ የኦሮሞ ልጅ በሕፃንነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊዝ ሰው ነጻ አውጥቶ ለስዊድኖቹ ሰጠው። በ1872 ተጠምቆ ኦነሲሞስ ተባለ፤ ኋላም ስዊድን ተልኮ ተማረ። ኦነሲሞስ ነሲብ ሲመለስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መመለስ ጀመረ። ችግሩ ቋንቋውን በልጅነቱ የተለየው መሆኑ ነበር።

ጉድለቱን የሞላችው አስቴር ገኖ ናት። እርስዋም በባርነት በመርከብ ስትወሰድ በ1886 በጣልያኖች ነጻ ወጥታ ወደ እምኩሉ የመጣች ወጣት ነበረች። የአገርዋ ቋንቋ በአፍዋ ትኩስ ስለ ነበር ብዙ ሺህ ቃላት ሰበሰበች፤ አምስት መቶ ያህል ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና እንቆቅልሾችንም ከትውስታዋ ጻፈች። በ1893 ሐዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል እምኩሉ ላይ ታተመ፤ በ1894 ደግሞ የሁለቱ ሥራ የሆነው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ወጣ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ለሕዝብ ባህል ጥናት የአስቴር ሥራ ልዩ ዋጋ አለው፤ የሕዝቡን ቃል ከውጭ የመጣ መንገደኛ ጠይቆ ሳይሆን፣ የሕዝቡ ልጅ ራስዋ የጻፈችው ነውና።

የበሩ መዛወር

ዐፄ ዮሐንስ በሰኔ ወር 1884 ዐድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ ዕቃ ሁሉ በምጽዋ በነጻ እንዲያልፍ፣ የጳጳስም መምጣት እንዲቃለል ተጽፎ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ግን ጣልያኖች ወደቡን ያዙ፤ ተስፋውም ወረቀት ላይ ቀረ።

ዐፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ፖስታ አቋቋሙ። ቴምብሩ ፓሪስ ታተመ፤ ደብዳቤውም በሐረር በኩል ወደ ጅቡቲ ይወርድ ጀመር። በ1908 ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ በኋላ የንጉሥ ደብዳቤ በምጽዋ የሰው ፈቃድ እየጠበቀ የሚቀመጥበት ዘመን አለፈ።

በ1904 ኦነሲሞስ ወደ ወለጋ ተመለሰ። እስከ ሞተበት እስከ 1931ም በዚያ አስተማረ። በሕፃንነቱ እንደ ሸቀጥ ተነድቶ ወደ ባሕር ወርዶ ነበር፤ ሲመለስ ግን በአገሩ ቋንቋ የተጻፈውን መጽሐፍ ይዞ፣ የሚያነበውንም ሰው በራሱ ቋንቋ እያስተማረ ነበር።