አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ተከላ በአዊ ዞን

አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ተከላ ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ያልተገናኘ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት የሚሠራ የኃይል ምንጭ ነው። ዋና ዋና ክፍሎቹ ፓኔል፣ የቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ ባትሪ፣ ፊውዝና ገመድ ናቸው። በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለሬዲዮና ከጉድጓድ ውኃ ለመሳብ ያገለግላል። በጣና ሐይቅ ላይ ለምትሠራ ትንሽ ጀልባም ሆነ ባሕር አቋርጣ ለምትጓዝ ባለ ሸራ ጀልባ የሚገጠመው ሥርዓት በመሠረቱ ይኸው ነው። ጀልባዋም የገጠሩ ቤትም ባትሪው ሲያልቅ የሚተኩበት ሌላ መስመር የላቸውም፤ የተከላው ጥበብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ከአዊ ጋር በሚዋሰነው የመተከል ዞን ነው። ይሁን እንጂ ከትራንስፎርመር ርቆ፣ በኮረብታና በሸለቆ ተበታትኖ ለሚኖር አባወራ ምሰሶና ሽቦ መዘርጋት ውድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብርም ይህንኑ በማገናዘብ፣ ከአገሪቱ ሕዝብ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ ባሉ አማራጮች እንዲዳረስ አቅዶ ነበር።

ሰማዩና ወቅቱ

ቀድሞ ኮሶበር ትባል የነበረችው የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ዳንግላ ደግሞ 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ደጋነቱ ለፓኔል ይመቻል። የሲሊከን ፓኔል የራሱ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለፈ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ፓኔል በቆላማው ጃዊ ከሚሰጠው ይልቅ በእንጅባራ ብርድ ቀትር ላይ የበለጠ ይሰጣል።

ፈተናው ክረምቱ ነው። ዳንግላ በዓመት በአማካይ 1600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ አብዛኛው የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በጥር በሚገባ የሚያበራ ተከላ በሐምሌ ጉምና ደመና ቤቱን ጨለማ ላይ ሊጥለው ይችላል። በዚህ ዞን ለመብራት የሚተከል ሶላር መለካት ያለበት በበጋው ሰማይ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ሰማይ ነው፤ ብዙ ባትሪዎች ያለዕድሜያቸው የሚሞቱት ይህ ስለሚዘነጋ ነው።

አንድ ቤተሰብ እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ 3 አምፖሎችን በየማታው ለ5 ሰዓት ቢያበራ 75 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ስልክና አንድ ሬዲዮ ሲጨመሩ ፍጆታው ወደ 120 ይደርሳል፤ በገመድና በባትሪ የሚባክነው ሲታሰብ ደግሞ 170 ገደማ ይሆናል። ለክረምቱ በቀን የ3 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብቻ ተይዞ ሲሰላ 57 ዋት ይመጣል፤ የ80 ዋት ፓኔል መግዛት መጠባበቂያ ይሰጣል። ፀሐይ ሳትወጣ ለሚያልፉ 3 ቀናት እንዲበቃ ደግሞ 60 አምፔር-ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ያስፈልጋል፤ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ይረዝማልና። እስከ 80 በመቶ ሊራገፍ በሚችለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከሆነ 40 አምፔር-ሰዓት ይበቃል።

አቅጣጫና ጥላ

በጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ፓኔል ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ቀን በሰሜን በኩል ስለምታልፍ፣ ከዚህ የበለጠ ማቆም ክረምቱን ይጎዳል። ፈጽሞ ጠፍጣፋ ቢሆን ደግሞ አቧራና ዝናብ ይተኛበታል።

ስለ ጥላ በዞኑ በተለይ ማሰብ ያስፈልጋል። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ወረዳዎች ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከቤት ጣሪያ በላይ ያድጋል። ፓኔሉ ሲገጠም ችግኝ የነበረ ዛፍ በሦስተኛው ዓመት ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ሊወስድ ይችላል። በፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትጨልም የተቀሩትንም ታንቃለች። ባይፓስ ዳዮድ የሚባለው መሣሪያ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ስለዚህ ተካዩ የዛሬውን ጥላ ብቻ ሳይሆን ዛፉ እስኪቆረጥ የሚደርስበትን ቁመት ማየት ይኖርበታል።

ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ይህን ችግር የሚፈጥሩት ምሰሶውና ሸራው ናቸው። ጀልባዋ አቅጣጫዋን ስለምትቀያይር ማዘንበል ትርጉም ያጣል፤ ፓኔሉ ጥላ በማይደርስበት የኋላ ክፍል ጠፍጣፋ ሆኖ ይታሰራል፣ በአንድ ትልቅ ፓኔል ፈንታም ሁለት ትንንሾች በትይዩ ይያያዛሉ። ከደንገል የሚሠራው የጣና ታንኳ ውኃ ስለሚጠጣ ለዚህ አይመችም፤ ቋሚ ወለል ያላቸው የእንጨትና የብረት ጀልባዎች ግን ይችላሉ። ጣና ጨዋማ ባለመሆኑ በባሕር ላይ ሽቦን የሚበላው ዝገት እዚህ አያሰጋም። ባትሪው ግን በጀልባም በቤትም ነፋስ በሚያገኝ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ የሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣልና።

ገመድና መቆጣጠሪያ

በ12 ቮልት ገመድ መቆጠብ ኪሳራ ነው። 10 አምፔር በ10 ሜትር ርቀት ላይ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ደርሶ ሲመለስ 1.4 ቮልት ይጠፋል፤ ይህ ከጠቅላላው ኃይል ከአሥር እጅ አንዱን ይበልጣል። በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ጥፋቱ ወደ 0.6 ቮልት ይወርዳል። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይገባል። ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓኔሉ ከመቆጣጠሪያው ጋር ይያያዛል፤ ሲፈታ ፓኔሉ ይቀድማል። ባለ 36 ሴል ፓኔል ከቀላሉ መቆጣጠሪያ ጋር ይስማማል፤ ከ30 ቮልት በላይ ለሚሰጡት ትልልቅ ፓኔሎች ግን ኤምፒፒቲ የሚባለው ያስፈልጋል፣ አለዚያ ግማሽ ያህሉ ኃይል ይባክናል።

የውኃ ፓምፕ

በዳንግላ ወረዳ የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ነው፤ ገበሬው በእጅ በቆፈረው ጉድጓድ ያገኘዋል። በወረዳው የዳንግሽታ ቀበሌ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና ዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ተቋም የተሳተፉበት የአነስተኛ መስኖ ምርምር ተካሂዷል።

ፓምፕ ከመብራት የሚለይበት መልካም ነገር አለው። ውኃ የሚፈለገው በበጋ፣ ፀሐይ በምትበረታበት ወቅት ነው፤ ሐምሌ ስጋት አይሆንም። ባትሪም አያሻም፤ ቀን የተሳበው ውኃ በሮቶ ተጠራቅሞ ማታ ይጠጣል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ በንድፈ ሐሳብ 27 ዋት-ሰዓት ይበቃል፤ የትናንሽ ፓምፖች ብክነት ሲታሰብ 70 ያህል ይሆናል። የ200 ዋት ፓኔል በጥሩ የበጋ ቀን 10 ሜትር ኩብ ያህል ሊስብ ይችላል፤ ይህም ለአንድ አምስተኛ ሄክታር አትክልት የሚሆን የዕለት ውኃ ነው። የበጋው መጨረሻ ሲቃረብ የጉድጓዱ ውኃ ስለሚሸሽ ፓምፑ በደረቅ እንዳይሽከረከር የሚያቆም መሣሪያ ሊገጠምለት ይገባል።

ጥራት

በገበያ ላይ የተጻፈባቸውን ዋት የማይሰጡ ፓኔሎች አሉ። መለያው ቀላል ነው፦ የዛሬዎቹ ፓኔሎች በካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ስለሚሰጡ፣ እውነተኛ የ100 ዋት ፓኔል ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ይኖረዋል። የዚህን ግማሽ ይዞ 100 ዋት ነኝ የሚል ፓኔል ሐሰተኛ ነው። ገዢው ሜትር ይዞ ቢሄድ ጽሑፉን ከማመኑ በፊት ርዝመቱን በወርዱ አባዝቶ ሊያረጋግጥ ይችላል።