የወንዝ ዳርቻ የእግር ጉዞ በአዲስ አበባ፤ መንገዱ፣ ወንዙና የክረምት ጎርፍ

አዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች፣ በበርካታ ወንዞችና ጅረቶች የተከፋፈለች ከተማ ናት። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ያለመ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በተለያዩ የከተማዋ ክፍሎች የእግረኛ መንገዶችና መናፈሻዎች ተሠርተዋል። በእነዚህ መንገዶች የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ መሠረታዊ ነገር አለ፤ የሚረግጠው መሬት በበጋ የእግረኛ፣ በክረምት ደግሞ የወንዙ መሆኑን ነው።

የወንዞቹ አቀማመጥ

የከተማዋ ወንዞች በአመዛኙ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይፈስሳሉ። በምዕራብ በኩል ትንሹ አቃቂ፣ በምሥራቅ በኩል ትልቁ አቃቂ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የከተማዋን መሐል አቋርጠው የሚያልፉት ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ባንተ ይቀጡ ውኃቸውን በመጨረሻ ለትልቁ አቃቂ ይገብራሉ። ሁለቱ አቃቂዎች በአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገናኙና ወደ አዋሽ ያመራሉ።

የእንጦጦ ሸንተረር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ የከተማዋ መሐል ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፤ የአቃቂ አካባቢ ከዚያም ዝቅ ይላል። ይህ ሁሉ ልዩነት በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ በመታየቱ ወንዞቹ አጫጭርና ቁልቁለታማ ናቸው። በዚህም ምክንያት ወደ ደቡብ የሚደረግ ጉዞ ለእግር ይቀላል፤ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ግን፣ በተለይ ከቆላ የመጣ ከሆነ፣ አየሩ ስለሚሳሳበት ቀስ ብሎ መጓዝና ዕረፍት ማድረግ ይኖርበታል።

ዝናቡ በደጋ፣ ጎርፉ በግርጌ

የከተማዋ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዋነኞቹ ወራት ናቸው። በተራራው ላይ የወረደ ኃይለኛ ዝናብ በቁልቁለቱ ተንደርድሮ፣ ከጣሪያና ከአስፋልት የሚወርደውን ውኃ ጨምሮ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ የከተማዋ መሐል ይደርሳል። ስለዚህ ደራሽ ጎርፍ ፀሐይ በወጣበት፣ አንዲት ጠብታ ባልወረደበት ስፍራም ሊደርስ ይችላል።

ለዚህ አንዱ የአገራችን ምስክር የድሬዳዋው ደቻቱ ነው። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ፣ ሰው የሚሻገረው ወንዝ ነው። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በደጋው አካባቢ የጣለው ዝናብ በሌሊት ሞልቶ ሲደርስ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የአዲስ አበባ ወንዞች ከደቻቱ ቢለዩም፣ የላይኛው ዝናብ የታችኛውን ሰው ሳያስጠነቅቅ የሚደርስበት ሥርዓት አንድ ነው።

የዳርቻው አገልግሎት

ከግንባታ ነጻ የሆነ የወንዝ ዳርቻ ለመናፈሻነት ብቻ የተተወ ቦታ አይደለም። ወንዝ ሲሞላ ወደ ጎን የሚሰፋበት ስፍራ ካገኘ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ስፍራው በቤትና በግንብ ከተያዘ ግን ውኃው ከፍታውንና ኃይሉን ጨምሮ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል። የሣርና የዛፍ ሥሮች አፈሩን ይይዛሉ። ከዚህ የተነሣ ዝቅ ብሎ የተሠራ የእግረኛ መንገድ በክረምት ለጥቂት ሰዓታት በውኃ ቢሸፈን የዳርቻው ሥራ እንጂ ሁልጊዜ የግንባታ ጉድለት አይደለም፤ መኖሪያ ቤት ሊገባ የነበረው ውኃ መንገዱ ላይ ዐርፏልና።

ይህ አገልግሎት የሚጸናው ግን የውኃው መተላለፊያ ክፍት ሲሆን ነው። ወደ ወንዝ የሚጣል ፕላስቲክና ጥራጊ በድልድዮችና በቱቦዎች አፍ ተከማችቶ ውኃውን ያግዳል፤ የታገደውም ውኃ ወደ መንገዱና ወደ ሰፈሩ ይመለሳል።

የውኃው ንጽሕና

የከተማዋ ወንዞች ለረጅም ዘመን የመጸዳጃና የፋብሪካ ፍሳሽ ሲቀበሉ ቆይተዋል። ውኃው ጥርት ብሎ ቢታይ እንኳ መጠጣት፣ ፊት መታጠብ ወይም ሕፃናትን ማስዋኘት ተገቢ አይደለም። ቁስል ያለበት ሰው ውኃውን ከመንካት ይቆጠብ፤ ከጉዞ በኋላም ምግብ ከመቅረቡ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ለተጓዦች የሚሰጡ ምክሮች

• በክረምት ወራት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚበረታ ጉዞን በጠዋት መጀመርና ቀደም ብሎ መጨረስ ይመረጣል።
• ከመነሣት በፊት የአየር ትንበያን መስማትና ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ያለውን ሰማይ ማየት ይጠቅማል።
• ውኃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መግፋት ከጀመረ ወይም ከላይ በኩል የማያቋርጥ ጉምጉምታ ከተሰማ፣ ወዲያውኑ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል። በወንዙ ዳር ወደ ታች መሮጥ አያድንም።
• ከጉልበት በታች የሆነ ፈጣን ጎርፍ ሰውን ሊጥል ስለሚችል፣ የሞላ ወንዝ በእግርም ሆነ በተሽከርካሪ አይሻገሩት።
• በድልድይ ሥር ከዝናብ መጠለል አደገኛ ነው።
• የተዘጋ መንገድን ከልሎ የተቀመጠውን ገመድ ወይም አጥር ማለፍ አይገባም።
• ሕፃናትና አረጋውያን ያለ አጋዥ ወደ ውኃው ጠርዝ እንዳይቀርቡ ጥንቃቄ ይደረግ።
• አደጋ ሲያጋጥም በአዲስ አበባ የእሳትና የአደጋ ጊዜ አገልግሎት ስልክ 939 ይደውሉ።

በበጋ ወራት መንገዶቹ ለእግር ጉዞ የተመቹ ናቸው። በክረምት መንገዱ ተዘግቶ ያገኘ ተጓዥ ወንዙ በራሱ ስፍራ ላይ መሆኑን ተረድቶ በሌላ ቀን ይመለስ።