የሣቅ ሚዛን

የሰው ልጅ የሚያለቅስበት ምክንያት በአገሩ ሁሉ አንድ ነው፤ ሞት፤ ረኃብ፤ ስደት። የሚሥቅበት ምክንያት ግን እንደየአገሩና እንደየዘመኑ ይለያያል። እንዲህም ሆኖ የሲኒማ ዐዋቂዎች ከሚያሥቁት ፊልሞች ሁሉ የሚበልጠውን ለመምረጥ ደክመዋል። በ1992 ዓ.ም. የአሜሪካ የፊልም ተቋም የአገሩን ፊልሞች መዝኖ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ቢቢሲ የተባለው የእንግሊዝ ማሰራጫ የ52 አገሮችን 253 ሐያስያን ጠይቆ፤ ሁለቱም «ሰም ላይክ ኢት ሆት» የተባለውን ፊልም አንደኛ አደረጉ። ይኸውም ነፍሰ ገዳዮችን ሸሽተው የሴት ልብስ የለበሱ የሁለት ሙዚቀኞች ታሪክ ነው። ፊልሙን በ1951 ዓ.ም. ያወጣው ቢሊ ዋይልደር ከናዚዎች የሸሸ አይሁዳዊ ሲሆን እናቱ በዚያ እልቂት ጠፍታለች። እንግዲህ ታላቅ ሣቅ ከደስታ ብቻ እንደማይወለድ ከዚህ ይታወቃል።

በኢትዮጵያም ዘመናዊ ቴአትር የተጀመረው በሣቅ ነው። በሩስያ አገር ተምረው የተመለሱት፤ በኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፤ በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት በአዲስ አበባ አሳዩ። የሚናገሩት አውሬዎች ነበሩ፤ የሚነቀፈው ግን የሹማምንት ሥራ ነበር። ስለዚህ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ፤ ቴአትርም ወደ መድረክ የተመለሰው ንግሥቲቱ በ1922 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ነው። ያ ሣቅ ቀላል ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልፈራው ነበር። ደራሲውም ቧልተኛ አልነበሩም፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፤ ፋሺስት ሊወር በተነሣ ጊዜም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ እርሳቸው ናቸው።

ወራሪው ገብቶ አገር በመከራ ሳለ፤ ጥቅምት 5 ቀን 1933 ዓ.ም. የቻርሊ ቻፕሊን «ታላቁ አምባገነን» በኒው ዮርክ ታየ። በዚያ ፊልም ሂትለርና ሙሶሊኒ በተለወጠ ስም ቀርበው፤ በጸጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተቀምጠው፤ እኔ ልብለጥ እኔ ልብለጥ እያሉ ወንበራቸውን ወደ ላይ ከፍ ያደርጋሉ። ዓለም የፈራው ትዕቢት የሕፃናት ፉክክር ሆኖ ታየ። ሰባት ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ድሉ የአርበኞች ደም እንጂ የፊልም ፍሬ አይደለም፤ ነገር ግን ግፈኛው ከዙፋኑ ሳይወርድ በሣቅ ወርዶ ነበር።

ቻፕሊን ራሱ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፤ በናዚ ማጎሪያዎች የተፈጸመውን ግፍ ቀድሞ ዐውቆ ቢሆን ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው እንደማይችል ገልጿል። ይህ ቃል ለሣቅ ድንበሩን ያሳያል፤ በግፈኛው ትዕቢት መሣቅ ተግሣጽ ነው፤ በተገፋው ሥቃይ መሣቅ ግን ኀጢአት ነው።

ስለዚህ ከሚያሥቁት ሁሉ የሚበልጠውን የሚመርጥ ሰው፤ ስንት ሰው ሣቀ ብሎ ብቻ አይቍጠር፤ በማን ላይ ተሣቀ ብሎም ይጠይቅ። ይህ ሚዛን በደጎሎም ሆነ በመካነ ሰላም ቅኔ ለተማረ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሰሙ ያሥቃል፤ ወርቁ ይገሥጻል። ወርቅ የሌለው ሣቅ ከአፍ ወጥቶ ይጠፋል፤ ወርቅ ያለው ግን ሣቁ ካለቀ በኋላ በልብ ይኖራል።