ከዐቃቤ ሰዓት እስከ ጥበቃ

በወንጀል ችሎት ሁለት ባለሙያዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ሌላው ጠበቃ። አንዱ ይከሳል፣ ሌላው ይከላከላል። ስማቸው ግን የአንድ ሥራ ስም ነው። በግእዝ «ዐቀበ» ማለት ጠበቀ ማለት ነው፤ «ጠበቃ»ም ከአማርኛው «ጠበቀ» የተገኘ ነው። የመጀመሪያው ሕጉን ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ሕጉ ፊት የቀረበውን ሰው። ቋንቋችን ከእነዚህ ሁለት ተፋላሚዎች አንዱን እንኳ «አጥቂ» ብሎ አልሰየመም።

ይህ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። የቤተ መንግሥቱንና የቤተ ክርስቲያኑን የማዕረግ ስሞች የመረመረ ሰው ጠባቂነት በዚህ አገር ምን ያህል ከፍ ያለ ሹመት እንደነበር ያያል። የጠባቂው ክብር የሚለካው በሚጠብቀው ነገር ነበር፤ ስሙም ብዙውን ጊዜ ያንን ነገር ይዞ ይጠራል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ዐቃቤ ሰዓት ነው። ሰዓትን የሚጠብቅ! ማዕረጉ ከወሎው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጋር የተሳሰረ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳሙን የመሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1270 ከነገሡት ከአፄ ይኩኖ አምላክ ጋር የቀረበ ግንኙነት እንደነበራቸው ትውፊቱ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የሐይቅ አበምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት እየተባሉ በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ስፍራ ያዙ። ዛሬ ስሙን የሚሰማ ሰው ደወል የሚደውል መነኩሴ ይታየው ይሆናል፤ ነገሩ ግን ከዚያ በጣም ይርቃል። የዚያን ዘመን ንጉሥ በመጋረጃ ተሰውሮ የሚኖር፣ ሕዝቡ ፊቱን እንደ ልብ የማያየው ሰው ነበር። መቼ እንደሚጸልይ፣ ማን መቼ እንደሚገባለት፣ ከውጭ የመጣ ቃል መቼ እንደሚደርሰው የሚያውቅ ሰው የንጉሡን ጆሮ ያዘ ማለት ነው። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ወደ ንጉሡ ዘንድ መግባት ከሚችሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ማዕረግ «ካቤአታ» ብሎ ጽፎታል። እንግዶቹ በአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ቀናትና ሳምንታት ሲጠብቁ ከንጉሡ እየወጡ ከሚመላለሱት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ዐቃቤ ሰዓቱ ነበሩ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በአማርኛ መጠበቅ ዘብ መቆምም ነው፣ ተቀምጦ መቆየትም ነው። አልቫሬዝ ጠበቀ፣ ዐቃቤ ሰዓቱም ጠበቁ፤ ግሡ አንድ ሆኖ አንዱን ደጅ ጠኚ፣ ሌላውን የመንግሥት ምሰሶ ያደርጋል። ኋላ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ሥልጣን እየገነነ ሲሄድ የዐቃቤ ሰዓት ስፍራ ደበዘዘ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀስ። ባላምባራስ አምባ የሚጠብቅ አለቃ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ አምባ የሌላቸው ሰዎችም ተሾሙበት። እልፍኝ አስከልካይ የንጉሡን እልፍኝ በር የያዘ ሰው ነው። በጅሮንድ የንጉሡን ግምጃ ቤት የሚጠብቅ ሹም ነበር። ይህ የግምጃ ቤት ጠባቂነት ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ እስከ ዘመናዊው የገንዘብ ሚኒስቴር ደረሰ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሚታወቁት በዚሁ በበጅሮንድነታቸው ነው።

ሊቀ መኳስን ግን እንዲህ ባጭሩ ማለፍ አይቻልም። ሊቀ መኳስ የሚጠብቀው የንጉሡን ሥጋ ነው፤ የሚጠብቀውም በራሱ ሥጋ ነው። በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ፣ እንደ ንጉሡ ተሸልሞ በአጠገቡ ይሰለፋል፤ ዐላሚው ጠላት ንጉሡ የቱ እንደሆነ እንዳይለይ። ለንጉሥ የታሰበች ጥይት እሱን ብታገኘው ሥራውን ፈጸመ ይባላል። ይህን ማዕረግ ከያዙት አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ቤል ነበር፤ አገሬው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 ከዐመፀኛው ከጋረድ ሰዎች ጋር በተደረገው ውጊያ አፄ ቴዎድሮስን ሲከላከል ወደቀ። የንጉሡ ኀዘንና በቀል ምን ያህል የከፋ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። ባዕድ አገር ተወልዶ ስሙ የጠየቀውን ነገር ቃል በቃል የፈጸመ ሰው ነው፤ እኔ በበኩሌ ከፍ ባለ አክብሮት አስበዋለሁ።

በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ዓድዋ ላይ ሁለት የጠባቂነት ማዕረጎች መድፍ ይዘው እናገኛቸዋለን፤ ሊቀ መኳስ አባተ ቧያለውና በጅሮንድ ባልቻ ሳፎ። አንዱ የንጉሥ አካል ጠባቂ፣ ሌላው የግምጃ ቤት ጠባቂ። የዚያን ቀን የጠበቁት ከንጉሥም ከግምጃ ቤትም ይበልጥ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን በኩል ያለው ጠባቂ ጦር አይዝም። ቄሰ ገበዙ የያዘው ቁልፍ ነው። ንዋያተ ቅድሳቱ፣ አልባሳቱ፣ መጻሕፍቱ በእሱ እጅ ናቸው። ስለ ታሪካችን ስንጽፍ ነገሥታቱን እንቆጥራለን፤ እነዚህን ባለ ቁልፎች ግን ማንም አይቆጥራቸውም። ይህ ያሳዝነኛል። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የወንጌል መጻሕፍት በሬዲዮካርቦን ሲመረመሩ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸው ታውቋል። ሺሕ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ብራና እንዲሁ አይቆይም። ዝናብ ሲያፈስ ያነሣው፣ ጦር ሲመጣ የሸሸገው፣ አይጥ እንዳይበላው ያገላበጠው ሰው ነበረ፤ ሲደክም ቁልፉን ለሌላ አስረከበ። የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሰረቀውን፣ የፋቀውን፣ የቀማውን የሚያወግዝ ጽሑፍ መስፈሩም የዚሁ ጥበቃ አካል ነው፤ ጠባቂው በማይኖርበት ሰዓት ውግዘቱ ዘብ ይቆማል።

ውግዘቱን የማይፈራ ሲመጣስ? እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና ንዋያት በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ወረዱ። አራት ዓመት ቆይቶ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ወደ ለንደን ደብዳቤ ላኩ፤ ክብረ ነገሥት ይመለስልኝ፣ ያለ እሱ ሕዝቤ አይታዘዝልኝም የሚል ነበር። መጽሐፉ በዚያው ዓመት ተመለሰ። አብረው የጠየቁት ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ግን አልተመለሰም። በዚያ ደብዳቤ ንጉሠ ነገሥቱ የቄሰ ገበዝን ሥራ ሠሩ ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ወደ 20ኛው መቶ ዓመት ስንመጣ «ዘበኛ» የሚለው ቃል ይገንናል። የአራዳ ዘበኛ የአዲስ አበባን ጸጥታ የሚያስከብር ነበር፤ የፖሊስ አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። በ1909 ዓ.ም. የተመሠረተው የቤተ መንግሥት ጠባቂ ሠራዊት፣ ክብር ዘበኛ፣ ደግሞ ለዘበኛ ስም ክብርን ጨመረለት። ከሠራዊቱ የተውጣጡ ቃኘው ሻለቆች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ ዘምተው አንድም ሰው ሳይማረክባቸው ተመለሱ። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ጥላሁን ገሠሠም በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፈነ።

የሮሙ ድል በተገኘ በሦስት ወር ገደማ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ፣ የዚሁ ሠራዊት አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከግርማሜ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱት መሳፍንትና ሚኒስትሮች ብዙዎቹ ተገደሉ። ዐቃቤ ሰዓቱን ታላቅ ያደረገው ለንጉሡ መቅረብ ክብር ዘበኛንም አደገኛ አደረገው። ቅርበቱ አንድ ነው፤ ዙፋኑን የሚጠብቅ ሰው ዙፋኑ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ከማንም ቀድሞ ያያል።

ከጣልያንኛ የመጣው «ዋርድያ» በእስር ቤት ቀረ። «ዘበኛ» ደግሞ ክብሩ ሲወድቅለት የግቢ በር ላይ ተቀመጠ። ዛሬ የሥራ ማስታወቂያው «የጥበቃ ሠራተኛ» ይላል፤ በአፍ ደግሞ ሰውየውን ራሱን «ጥበቃ» እንለዋለን። «ጥበቃውን ጠይቀው» ይባላል። ዐቃቤ ሰዓት፣ ባላምባራስ፣ እልፍኝ አስከልካይ ሲባል የሚጠበቀው ነገርም ጠባቂውም በስሙ ውስጥ አሉ። «ጥበቃ» ሲባል ግን ሁለቱም የሉም፤ የቀረው ሥራው ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በካቦርት ተጠቅልሎ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት ለሚጠብቅ አባት፣ ስሙን ጠይቆ «ጋሼ እገሌ» ብሎ መጥራት የሚከብድ ነገር አይደለም።